ትንሽ አሞታል

ኮምቦልቻ ውስጥ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። ድሮ ሰው ሲነሳ መጀመሪያ ፊቱን ይታጠብ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ ሰዎቹን ይቆጥራል። «ሰላምታ» የሚባለው አገልግሎት በዚያች ሰዓት አንዲት አጭር መልእክት ይልካል። የእኔዋ አብዛኛውን ጊዜ «አቶ ያፌት፣ ሰዎችዎ አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም ደህና አድረዋል» ትላለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ «አሥሩ ደህና አድረዋል፤ አንዱን ትንሽ አሞታል» ትላለች። ይህን ያነበበ ሰው ወደ ቁርሱ ይሄዳል።

ደውሎ «እንዴት አደርክ» ማለት ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ማንም አልከለከለውም፤ ቀስ በቀስ ነው የቀረው። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? አሁን አሁን ያለ ቀጠሮ ስልኩ የጮኸበት ሰው ፊቱ ይለዋወጣል። ወልድያ ያለችውን እህቴን ድምፅዋን ከሰማሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በየማለዳው ግን ደህና ማደሯን አውቃለሁ፤ እሷም የእኔን ታውቃለች። ይህ መዋደድ ከሆነ ተዋድደናል።

እኔ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። የምሠራው በሰመራው መስመር ላይ ነው። ባቡሩ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ይነሳል፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰመራ ይገባል፤ አርባ ደቂቃ አርፎ ይመለሳል። ሰዓት ሲዛነፍ ሆዴን ያመኛል፤ ባልደረቦቼም በዚህ ሲያሾፉብኝ ነው ያረጁት።

ከዚህ ሌላ የቀበሌያችን መርዶ ነጋሪ ነኝ። ደሞዝ የለውም፤ ዕጣ የወጣበት ሰው ምስጢር ለመጠበቅ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ሰው ሲሞት ሰላምታ ለሩቅ ዘመዱ ወዲያው አይናገርም። ሦስት ሰዎች ይመርጣል፦ አንድ የቅርብ ጎረቤት፣ አንድ የሃይማኖት አባት (ቄስም ይሁን ሼህ)፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት። ሦስቱ ንጋት ላይ አብረው ሄደው ያረዳሉ። እስከዚያች ንጋት ድረስ ለዘመድየው የሚደርሰው ቃል «ትንሽ አሞታል» የሚለው ብቻ ነው።

ይህ ደንብ ሲወጣ እኔም ነበርኩበት። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሰላምታ ያን ጊዜ ደህና ያደረውን ብቻ ነበር የሚናገረው። ሕመምንና ሞትንም እንዲጨምር ሆኖ እንደ አዲስ ሊሠራ ሲል መንግሥት ከየከተማው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ተራ ሰው በዕጣ ጠራ። የእኛዎቹ የተሰበሰብነው በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሥራውን የምትመራው፣ የአሠራሩን ንድፍ የምታወጣው የሲስተም አርክቴክት ኤልዳና ዓለሙ ትባላለች፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር እጇን የማታወናጭፍ ሴት። ከአዲስ አበባ የመጣችው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ልጁ አምስት ዓመቱ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ያኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ ነበር።

ኤልዳና ጠረጴዛው ላይ አምስት ሳህን ደረደረችና ይበልጣል ባልነው ላይ እንድንጥል ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ባቄላ ሰጠችን። በአራቱ ሳህኖች ላይ ወረቀት ለጥፋለች። ፍጥነት፤ ወሬው በስንት ደቂቃ ይደርሳል። ትክክለኛነት፤ ያልሞተው ሞተ እንዳይባል። ምስጢር፤ የማይመለከተው እንዳይሰማ። አለመቋረጥ፤ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢሄድም ሥራው እንዳይቆም። በአምስተኛው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። «እሱን እናንተ ትሰይሙታላችሁ» አለች።

እኛማ ለሁሉም ሙሉ ሙሉ ይሁንልን አልን። ከማል የሚባል ነጋዴ እንዲያውም ወሬ ይዞት ባቄላውን እንደ ቆሎ ሁለቱን ቆረጠመ፤ የአገር ድምፅ በላህ ብለን ሳቅንበት። ኤልዳናም ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ሰበሰበችው።

«ሁሉም አይሆንም» አለችን። «ቶሎ ይድረስ ካላችሁ ሳይጣራ ይደርሳል። ይጣራ ካላችሁ ይዘገያል። ምስጢሩ ይጠበቅ ካላችሁ ብዙ በር እቆልፋለሁ፤ በር ሲበዛ ደግሞ አንዱ አልከፈት የሚልበት ቀን ይመጣል። ለአንዱ ስትጨምሩ ከየትኛው እንደምትቀንሱ ንገሩኝ። እኔ ባቄላ አላበቅልም።»

«እንዲሁ ጥሩ ሆኖ ይሠራ» አለ አንዱ።

«ጥሩ የሚባለው አይለካም፣ ወንድሜ። ማን ነው የሞተው? ዘመዱ የት ነው ያለው? በስንት ሰዓት ውስጥ ምን ይድረሰው? እንዲህ እያላችሁ ንገሩኝ።»

ከእኛው መካከል ሼህ ሙሄ ሃያ ባቄላቸውን በሙሉ ፍጥነት ላይ ዘረገፉ። «ጀናዛ አይጠብቅም። እዚሁ ከተማ ያለ ዘመድ በሰዓት ውስጥ ሰምቶ ቀብር ይድረስ» አሉ። ይህ ሳንከራከር አለፈ። ጭቅጭቁ የመጣው ስለ ሩቁ ሰው ነው፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ።

የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። አባቴ ሲሞት እናቴ ከደሴ ወደ ወልድያ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች። አንድ ያጎቴ ልጅ ደውሎ ነገራት። ከማያውቋት ሰዎች መሃል ተቀምጣ ጮኸች፣ ፊቷን ነጨች። ሹፌሩ ተሳፋሪ ረበሸችብኝ ብሎ ከነዘንቢሏ መንገድ ዳር አወረዳት። አንድ ገበሬ አግኝቷት ቤቱ እስኪያስገባት ድረስ ብቻዋን እዚያ አፈር ላይ ነበረች። እናቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ጆሮዋን ትይዝ ነበር።

አንዲት ሴት አለቀሰች። አምስተኛውን ሳህን «ለዘብታ» ብለን ሰየምነው፤ ትርጉሙንም ማንም ሰው ሞትን ብቻውን ሆኖ አይስማ አልነው። ባቄላው ከየአቅጣጫው ወደዚያ ጎረፈ። ኤልዳና ራሷ እንኳ «ይሄ ይለካል» ብላ ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አነሳች። «ለሞተው ይሁን» አለች፤ «የአንድ ቀን መዘግየት እሱን አይጎዳውም። በጽኑ ለታመመው ግን አልስማማም። እሱ ገና አለ። እዚያ ላይ ፍጥነት ይቅደም፤ ዘመዱ ወዲያው እውነቱን ይወቅ።»

መልስ የሰጠኋት እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ሊሞት ነው ማለት ያው መርዶ ማለት እኮ ነው። በየትኛው ቤት ነው ለእህት ወንድምሽ አይተርፍም የሚባለው? ትንሽ አሞታል ነው የሚባለው። ለራሱ ለበሽተኛውም አይነገረውም፤ ተስፋ ይሰጠዋል እንጂ።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ነው የኖርነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ለጆሯችን ነውር ነበር። እሷ ትንሽ ተከራክራ ተወችው። ከዚያ የውሳኔ መዝገብ የምትለውን ደብተር አወጣች። በደብተሩ ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ለምን እንደተወሰነና በዚያ ምክንያት ምን እንደታጣ ትጽፋለች፤ አሠራሯ ነው። የእኔን ሐሳብ በስሜ ጻፈች። «ያጣነው» በሚለው ረድፍ ላይ የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበችልን፦ «ሰው በሕይወት እያለ የመድረስ ዕድል።»

«ትፈርሙበታላችሁ?» ብላ ዙሪያውን አየችን። ፈረምን።

ሥራዋን ግን አሳምራ ነው የሠራችው። ጉንፋን ስለያዘውም ሞት አፋፍ ላይ ስላለውም ያው አንድ ቃል ነው የሚላከው። ዘመድ ቢደውል ሲስተሙ በታማሚው በራሱ ድምፅ ይመልሳል፤ ሰውየው በእውነት ጉንፋን ቢይዘውም እንኳ መልሱ በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ሦስት ወር ሙሉ ፈተነችው። «ሰው ከቃሉ፣ ከሰዓቱ ወይም ከድምፁ ከለየው ምስጢር የለም ማለት ነው። እኔ የሠራሁት እንኳ ልለየው አልችልም» ትለን ነበር፣ ኩራት ኩራት እያላት። ሥራው ካለቀ በኋላ አዲስ አበባ አልተመለሰችም። ከቤቴ ሁለት በር አልፋ ተከራየችና ጎረቤቴ ሆነች።

ወንድሟ ኪሩቤል ተመርቆ ከሰመራ ወጣ ብሎ ባለ የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ ሥራ ያዘ። በየበዓሉ በእኔ ባቡር ይመጣል። ረዥም፣ ተጫዋች ልጅ ነበር። ትኬት ስጠይቀው «እህቴ ጋ ነው፣ እሷን ይጠይቁ» እያለ ያበሽቀኛል፤ ከዚያ ከኪሱ ያወጣል።

ባለፈው ኅዳር ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዩኒፎርሜን እየተኮስኩ ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «መርዶ ነጋሪ ያፌት፣ ይጠባበቁ። ኪሩቤል ዓለሙ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሰመራ፣ ሆስፒታል። በእንፋሎት ቃጠሎ። ሁኔታ፦ አይተርፍም። መርዶ የምትረዳው፦ እህቱ ኤልዳና ዓለሙ። የመርዶው ንጋት በኋላ ይገለጻል።» ካውያው ሸሚዜን እስኪያቃጥለው ድረስ ቆሜ አነበብኩት።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጣቢያ ደረስኩ። ኤልዳና መሣፈሪያው ላይ ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ እጇ ላይ ብርቱካን በከረጢት ይዛለች።

«ጋሼ ያፌት፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወዴት ነው፣ ኤልዱ?»

«ሰመራ ልሄድ ነበር። ኪሩን ትንሽ አሞታል አለኝ ጠዋት።»

«ደውለሽ አላናገርሽውም?»

«አናገርኩት። ጉንፋን ነገር ነው አታስቢ አለኝ። ድምፁ የራሱ ነው። ግን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ድምፁ የራሱ መሆኑ ምንም አይነግረኝም።» ሳቅ አለች። «ነገ ጠዋት ደግሞ ትልቅ ስብሰባ አለብኝ። አምና ለጥርስ ሕመም ብዬ ሄጄ ጓደኞቹ ፊት እንዴት እንዳፈረብኝ! እህቴ በጥርሴ ምክንያት በባቡር መጣች እያለ እስከ ፋሲካ ሲያወራው ከረመ።»

እኔም ሳቅሁ። ፊቴ እንዴት እንደሳቀ አላውቅም።

ጠጋ አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ መማልዎን አውቃለሁ። ቃለ መሐላውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን እርስዎ ዋሽተውኝ አያውቁም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ስሜ መጥቶልዎታል?»

መሐላውን አስቤ ነበር ብል ውሸት ነው። ያሰብኩት ሦስተኛውን ፉርጎ ነው። አውቀዋለሁ፤ ወንበሮቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ የማታውቃቸው የጨው ነጋዴዎች እየተጫወቱ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ያንን ነገር ታቅፋ ስትሄድ ታየኝ። ስትጮኽ ታየኝ። እናቴ ከነዘንቢሏ ታየችኝ። ሰው እንዲህ መስማት የለበትም፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ሙሉ የተከራከርኩ ሰው ነኝ።

«ኧረ ተይ እባክሽ!» አልኳት። «ምን መጥቶልኝ! ጉንፋን ነው ተብለሻል፣ ጉንፋን ነው። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

«በእውነት?»

«በእውነት።»

ትከሻዋ ወረደ። ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲያውስ አልሄድም፤ አያስቅብኝም» አለች። ብርቱካኑን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ይውሰዱት፣ ለቤት። እኔ አልበላውም፤ እሱ ነው የሚወደው።» እጇን እያውለበለበች ወጣች፤ ከኋላዋ ስትታይ ስትራመድ ቀለል ብሏት ነበር።

ባቡሩ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ። ሦስተኛ ፉርጎ ደርሼ ትኬት ስመለከት አሥራ አራተኛው ወንበር ባዶ ነው። እሷ የቆረጠችው ወንበር ነው። ፊት ለፊቱ ያሉት ሰዎች እግራቸውን ዘርግተውበታል። ያንን ወንበር ሳይ ነው ማሰብ የነበረብኝን ነገር ያሰብኩት። እኔ እኮ እዚሁ ባቡር ውስጥ ነኝ። እውነቱን ብነግራት፣ «ነይ፣ አብሬሽ ነኝ» ብላት፣ አጠገቧ ብቀመጥ፣ አልቅሳ ብትሄድ፣ ከሰመራ ጣቢያ እጇን ይዤ ባወርዳት ብቻዋን አልነበረችም። መጋዘኑ ውስጥ ስንከራከር ለዘብታ ከፍጥነት ላይ ካልተቀነሰ አይገኝም ብለን ነበር። አብሮ የሚሄድ ሰው ካለ ሁለቱም ይገኛሉ ያለ ሰው አልነበረም። ኤልዳናም አላለችም፤ እሷ የምትነድፈው ማሽን ነው። ይህን ማወቅ የነበረብን እኛ ነበርን።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰመራ ገባን። ሆስፒታሉ ከመሣፈሪያው ላይ ይታያል። በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አርባ ደቂቃ ነበረኝ። አልሄድኩም። ምን ብዬ እገባለሁ? ብርቱካኑን ይዤ? መሣፈሪያው ላይ ቆሜ መስኮቶቹን እያየሁ አርባውን ደቂቃ ጨረስኩና ባቡሩን ይዤ ተመለስኩ። ተነስቼ ልነግራት የምችልበት ማታም ነበር። ከነገርኳት በኋላ ግን ባቡር የለም፤ ነገ ስምንት ሰዓት ድረስ ታብዳለች፤ እስከዚያ ደግሞ ምናልባት ይተርፍ ይሆናል አልኩ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ እንዴት ዓይነት አርክቴክት እንደሚሆን ያን ማታ አየሁ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ እንደገና ተንቀጠቀጠ። «አርፏል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ትክክለኛነቱ በሁለት ሐኪም ተረጋግጧል። ነገ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ንጋት ላይ ይሂዱ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስወጣ ከስብሰባ ስትመለስ በር ላይ ተገናኘን። ፊቷ ፈክቷል።

«ጋሼ! ተሻለው እኮ! አሁን አናገርኩት፣ ሾርባ ጠጣሁ አለኝ።»

«እሰይ» አልኳት።

«ትናንት ሄጄ ቢሆን ኖሮ!» አለችና ሳቀች። «ስብሰባው ራሱ እንዴት ጥሩ ነበር መሰለዎት።» ዘፈን እያንጎራጎረች ገባች። ይህንን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ያን ቀን የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ሐሙስ ንጋት ከሼህ ሙሄና ከእትዬ ሶልያና ጋር ተገናኘን። እትዬ ሶልያና ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ለስንቱ ቤት እንዳረዱ ቁጥሩ ጠፍቷቸዋል። ለኤልዳና ጎረቤቶች ከአሥር ደቂቃ በፊት መልእክት ስለደረሳቸው በየበራቸው ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ በየመጋረጃው ሥር እግራቸው ይታያል። ሁሉም በልኩ ነበር።

ሼህ ሙሄ አንኳኩ። ከፈተች፤ ፀጉሯን ገና አላሰረችም። መጀመሪያ ሼሁን አየች፣ ቀጥላ እትዬ ሶልያናን፣ በመጨረሻ እኔን።

«ሦስት ናችሁ» አለች።

«ሦስት ናችሁ» አለች ደግማ፣ እንደሚቆጥር ሰው ጣቷን ወደየእያንዳንዳችን እየቀሰረች። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። እትዬ ሶልያና ሳትወድቅ ያዟት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ ግቢው በአንድ አፍታ ሞላ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ተተከለ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ አውጥቼ አየሁት። «መርዶው ሲነገራት ዘመድየዋ ብቻዋን ነበረች?» ይላል። «አልነበረችም» የሚለውን ተጫንኩ። «እናመሰግናለን፤ ለዘብታ፦ መቶ ከመቶ» አለኝ።

መርዶ ከተነገረ በኋላ የታማሚው መዝገብ ለዘመድ ይከፈታል። ይህም እሷ ያወጣችው ደንብ ነው፤ ያለቀ ነገር ይደበቅ ዘንድ ምክንያት የለም ብላ። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ ትንሽ ጋብ ሲሉ፣ በምልክት ጠራችኝ። ፍራሹ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ዓይኗ አብጦ ስልኩን ማንበብ አልቻለችም፤ ሰጠችኝ።

«መቼ ነው ሆስፒታል የገባው?»

«ሰኞ፣ ማታ ሁለት ሰዓት።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ትናንት፣ ጠዋት አራት ሰዓት።»

እያሰላች እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እኔም አስቀድሜ አስልቼው ነበር። ማክሰኞ ባቡሩ ላይ ብትወጣ ኖሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልጋው አጠገብ ትደርስ ነበር። አሥራ ሰባት ሰዓት አብራው ትሆን ነበር።

«ማክሰኞ ጣቢያው ላይ» አለች፤ «ያኔ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ እመርጥ ነበር። «እኔም እኮ አመንኩዎት። ሲስተሙን አላመንኩትም፤ የሠራሁት ስለሆነ። እርስዎን ግን አመንኩዎት» አለች። ከዚያ ወደ ስልኩ አመለከተች። «ራሱን ያውቅ ነበር? ይናገር ነበር?»

«እስከ መጨረሻው ይናገር ነበር።»

«ጠየቀኝ?»

ነርሶቹ በየሰዓቱ የጻፉት መዝገብ ላይ አለ። «ጠይቋል» አልኳት። «አሥራ አራት ጊዜ። እህቴ መጣች ወይ እያለ።»

«ምን አሉት?»

ለታማሚውም ለዘብታ ይገባዋል ብለን ነበር፤ ተስፋ ይሰጠው ብዬ ነበር። ሲስተሙ ለነርሶቹ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ አሥራ አራቱም ጊዜ ያንኑ ጽፈዋል። «መንገድ ላይ ናት አሉት» አልኳት።

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ሙሾ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ኤልዳና ክንዴን ይዛ ጆሮዬ ሥር እስክትደርስ ጎተተችኝ።

«አመናቸው?»

ይህን ልዋሻት እችል ነበር። አላመናቸውም፣ እንደማትደርሺ ገብቶታል፣ ተረጋግቶ ነው የሄደው ብላት ማንም መዝገቡን ከእጄ ወስዶ አያነብም። ለዘብ ያለውም እሱ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጣቷ ክንዴ ውስጥ ገብቷል፤ ፊቷን አየሁት፤ አልቻልኩም።

«አምኗቸዋል» አልኳት። «ረቡዕ ንጋት ላይ፣ ስትገባ ልያት፣ አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አላቸው። አዞሩለት።»